ሙሌ እና «ዘፈኑ ይቆይ!»

ኧረ ተዉኝ! ሙሉቀን ሞተ ይሉኛል። ጠዋት ከደባርቅ ሲደወልልኝ «የትኛው ሙሉቀን?» አልኩ፣ እያወቅኩት።

የኛው ሙሌ፣ መናኸሪያው አጠገብ በስልክ ሜሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭነው። መታመሙን እንኳ አልሰማሁም ነበር።

ደባርቅና ዳባት የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግማሻችሁም ሰድባችሁታል። ዘፈን አስጭናችሁ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ብቅ የሚለው ዘፋኙ ሳይሆን የሙሌ ፊት ነበራ! የጤና ጣቢያ ነርሶችን እየጠየቀ በገዛ ስልኩ ራሱን ምክር ሲሰጥ ይቀርጻል። አንዱ ላይ ስለ ፈላ ውሃና ስለ ሕፃናት፣ ሌላው ላይ በለስላሳ ጠርሙስ ስለሚቀመጥ ላምባ። ሁሉንም የሚጀምረው «ዘፈኑ ይቆይ!» ብሎ ነው።

«ዘፈን ብልህ ራስህን ጫንክብኝ?» ሲሉት ይስቃል። «ዘፈኑንማ በሕይወት ካለህ ትሰማዋለህ።»

እኔ በሕይወት ያለሁት በሱ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ደባርቅ አማቴ ቤት አራስ ነበርኩ። አማቴ እትዬ የሺ አራስ ሲያርሱ ለጉድ ነው። ያ የደባርቅ ብርድ እንዳይገባብኝ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፈው፣ በሩን ዘግተው፣ የተቀጣጠለ ከሰል ከነማንደጃው አልጋዬ ግርጌ አስቀመጡልኝ። «ብርድ አራስን ካገኛት አይለቃትም፣ ልጄ።» ከፍቅር ነው፤ እናቶቻችን ሁሉ እንዲሁ ያደርጋሉ።

ከሰዓት በኋላ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። አቅለሸለሸኝ። አማቴ «ምች ነው፣ ምች ነው!» እያሉ ጠበል ሊያመጡ ተነሡ። ባለቤቴ ሊያጫውተኝ ብሎ የዚያን ቀን ያስጫነውን ሜሞሪ ከፈተ። ሙሌ ብቅ አለ።

«ዘፈኑ ይቆይ! ቤት ውስጥ ከሰል አለ? በሩስ ዝግ ነው? ራስህን ካመመህ ምች እንዳይመስልህ። የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ግን ይገድላል። ከሰሉን አውጣ! መስኮቱን ክፈት!»

ባለቤቴ እኔን አየ፣ ከሰሉን አየ። ማንደጃውን አንሥቶ ሊወጣ ሲል አማቴ በሩ ላይ ቆሙበት።

«አራሷን ብርድ ልታስመታብኝ ነው? በዘፈን ጫኝ ወሬ?»

«እማ፣ በእመቤቴ ልቀቂኝ!»

አልፏቸው ወጣ። ተመልሶ ጨርቁን ነቃቅሎ መስኮቱን በረገደው። ልጄን ሳነሣት እጇ ዝልፍልፍ አለ። ብነቀንቃት፣ ብጠራት ዝም። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ብርዱ ፊቷን ሲመታት ግን ጮኸች፤ የልጅ ለቅሶ እንደዚያ ደስ ሲል አይቼም አላውቅ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ...» ብላ ተወችው።

ካገገምን በኋላ እትዬ የሺ ድፎ ዳቦ አሸክመው ሱቁ ድረስ ሄደው መረቁት። ከዚያ ወዲህ አራስ ጥየቃ ሲሄዱ ስልክ ይዘው ነው። መክፈቱን ስለማያውቁበት «እስቲ ያንን ለፍላፊ ክፈቱልኝ» ይላሉ። ሙሌ ሳይታይ ገንፎ አይቀርብም!

ዛሬ ልጄ ሳለቅስ አይታኝ «እናቴ፣ የሞተው ‹ዘፈኑ ይቆይ› የሚለው ሰውዬ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ሙሌ ወንድሜ፣ ያቺ እጄ ላይ ዝም ያለችብኝ ልጅ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ ጮክ ብላ መጽሐፏን ታነባለች። ይህን ድምፅ ያተረፍክልኝ አንተ ነህ። እግዜር አንተንም ብርሃንና አየር ካለበት ያሳርፍህ። ዛሬ ቤታችን ሙዚቃ አይከፈትም።

እንዳልከው፣ ዘፈኑ ይቆይ።