የብርቅዬ የመስታወት ሳህን

ምሥጋናው እባላለሁ። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ፤ እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ የብርቅዬ መስታወት አጣቢ ነኝ። ሁለተኛውን ሥራ ማንም አልሰጠኝም፤ ቤት ውዬ ከሚስቴ ጋር ከምነታረክ ብዬ ራሴ የያዝሁት ነው።

ብርቅዬ ጎረቤቴ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነው፤ ሠላሳ ስምንቱንም የኖረችው በእናቷ በእማማ አሰለች ግቢ ነው። ስታገባ እንኳ ባሏን ያመጣችው ወደዚያው ቤት ነበር። እሱም ሁለት ዓመት ችሎ ኖረና «ይህ ቤት ለሦስት ይጠባል» ብሎ ወጣ። ለመውጣት ሳትሞክር ቀርታ አይደለም። አንድ ጊዜ ወልድያ ሥራ አገኘች፤ ሻንጣዋን ስትዘጋ መንገዱም ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት እማማ አሰለች ወድቀው እግራቸው ተሰበረ፤ ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሌላ ጊዜ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት አወጣች፤ እናቷ ሦስት ቀን እህል አልቀምስም ብለው ተኙ። ሁለቱ ታላላቅ እህቶቿ ወጥተው ቀርተዋል። በስልክ «እማዬን አደራ» ይሏታል። አደራ ማለት ለሚለው ሰው ምን ይከብዳል? እነዚያን እህቶች ባገኛቸው የምነግራቸው ነበረኝ።

ምድጃው የመጣው ከዓመታት በፊት ነው። አንድ ፕሮጀክት መስታወት ማቅለጥ ላስተምር ብሎ መጣ፣ አሥር ሰው አሠለጠነ፣ በስድስት ወሩ ሄደ። ዘጠኙ ሠልጣኞችም ተከትለው ሄዱ። ምድጃው ግን የትም የሚሄድ አይደለም፤ ስድስት ጎረምሳ ተሸክሞት ነው እማማ አሰለች ግቢ፣ ከጓዳው የገባው። በርሜል ያህላል፤ ውስጡ ነጭ ጡብ ነው፤ በኤሌክትሪክ ይግላል፤ ከላይ ይከደናል። ክዳኑ መሐል አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ እሷም በሸክላ ውታፍ ትደፈናለች። ብርቅዬ የሆቴል ጽዳት ሥራዋን ትታ ከዚህ በርሜል ጋር ቀረች።

እኔ የማጥበው የመስኮት መስታወት ነው። በከተማችን የተሰበረ መስኮት ሞልቷል፤ ለምን እንደ ተሰበረ ማውራት ግን ደክሞኛል። በሳሙና ይታጠባል፣ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በጠርዙ ብቻ ተይዞ ይደርቃል። አንድ ቀን ሳላስተውል መሐሉን በአውራ ጣቴ ነካሁትና አሻራዬ እዚያው ላይ ተተኩሶ ቀረ። ብርቅዬ ያን ሳህን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ «የምሥጋናው መታወቂያ» እያለች ዓመት ሙሉ አሾፈችብኝ።

ሥራውን ያወቅሁት በስድቧ ነው። ከሁለት መስኮት የተገኘ መስታወት አትደባልቅ ትላለች፤ አብሮ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ግን አንዱ ቶሎ ሌላው ዘግይቶ ይሰበሰብና ይሰነጠቃል። ከሥር ነጭ አፈር በውሃ በጥብጠህ ቀባ፤ አለዚያ ከጡቡ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። እሷ ሁለት መስታወት ትደራርብና መሐላቸው የወይራ ቅጠል ታስገባለች። ስምንት መቶ ሃያ ዲግሪ ሲደርስ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ ቅጠሉ ይነድና አመዱ ብቻ ከነጅማቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህ የመጀመሪያው እሳት ነው። በሁለተኛው እሳት ዝርግ የሆነውን መስታወት ጎድጓዳ የሸክላ ቅርጽ ላይ ትጭነዋለች፤ የቅርጹ ሥር አየር እንዲወጣ ተበስቷል። ሰባት መቶ ሃያ ላይ መስታወቱ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ጎንበስ ይልና ሳህን ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ሰው የሚያሳብደው። አምስት መቶ ሃምሳ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ታሳርፈዋለች። ከዚያ ታጠፋለች። እስከ ማግስቱ ቀትር ክዳኑን የሚነካ ወዮለት። እማማ አሰለች አቧራ ለማብረድ ግቢውን ውሃ ሲረጩ እንኳ ትጮሃለች።

«እማዬ፣ ወዲያ! ትኩስ መስታወት ጠብታ ውሃ አይችልም!»

ይህን ጩኸት እኔ ከአጥር ማዶ ሆኜ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ባለፈው ጥር ማክሰኞ ዕለት አንዲት ሴት ወደ ግቢው ገባች። ወይዘሮ እየሩስ ይሏታል፤ አዲስ አበባ ለሆቴሎች የመስታወት ሳህንና የመብራት ሽፋን የሚሠራ ቤት አላት። ልትሳለም መጥታ ካረፈችበት ሆቴል የብርቅዬን ሳህን አይታ፣ ጠይቃ ነው የደረሰችው። ምድጃውን ዞረችው፣ ቅጠሎቹን አየች፣ ብዙም አላወራችም።

«ከእነዚህ የሚበልጥ አንድ ሥሪልኝ፤ ክንድ የሚያህል። ቅዳሜ ነው የምበረው። ስንጥቅና አረፋ ከሌለው አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ሥራም ማደሪያም አለሽ» አለቻት።

ብርቅዬ እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ለእናቷ ሴት ልትቀጥር፣ በየወሩ ልትልክ፣ ለፋሲካ ልትመጣ፣ ሁሉን በአንድ ትንፋሽ አወራችው። እማማ አሰለች ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሰሙ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» ብቻ አሉ።

የመጀመሪያው እሳት የዚያኑ ማታ ነደደ፤ ረቡዕ ቀትር ላይ ዝርጉ መስታወት ምንም ሳይጎድለው ወጣ። ሐሙስ ጠዋት ቅርጹ ላይ ጫነችው። ሙቀቱ ገና እየወጣ ሳለ መብራት ሄደ። እኔ መብራት የፈጠረውን ሁሉ እየረገምሁ ግቢውን ስዞር እሷ ክዳኑ ላይ ሁለት እጇን ጭና ቆመች። ከሰዓት በኋላ መጣ። ቸኩላ አልለቀቀችውም፤ ከታች ጀምራ እየሳሳች አሞቀችው። ሲመሽ አሳርፋ አጠፋች።

አርብ መድኃኔዓለም ነበር፤ ወሩ ሃያ ሰባት። እናትና ልጅ ሊያስቀድሱ ሄዱ፤ እኔም አብሬያቸው። ከቅዳሴ በኋላ ብርቅዬና እኔ በሆቴሉ በኩል አለፍን፤ ወይዘሮ እየሩስን «ቀትር ላይ እንከፍታለን» ልንላት ነው። እማማ አሰለች ጠበላቸውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ቀድመውን ወደ ቤት ገቡ።

ቀትር ላይ ብርቅዬ አማተበችና ክዳኑን አነሣች። ሳህኑ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ተኝቷል።

ወንድ ልጅ አይደነግጥም ይላሉ፤ እኔ ደነገጥሁ። «መብራቱ ነው! ትናንት የሄደው መብራት ነው!» ብዬ ጮህሁ። ብርቅዬ አላለቀሰችም። አንዱን ስባሪ አነሣችና ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ጣቷ ደማ።

«መብራቱ አይደለም» አለች። «ሲሞቅ ተሰንጥቆ ቢሆን ከዚያ በኋላ ያለው እሳት ጠርዙን አቅልጦ ያለዝበው ነበር። ይኼ እንደ ምላጭ ነው። የተሰነጠቀው ሲበርድ ነው።»

ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። ስንጥቆቹ የተገናኙበት ቦታ ላይ ጠብታ ደርቆ የተወው ክብ ምልክት ነበረ። ልክ ከክዳኑ ቀዳዳ ሥር ነው። ውታፉንም አየችው፤ ሌላ ጊዜ እሷ ከምትደፍነው ይልቅ ላላ ብሎ ተቀምጧል። ከዚያ ቀና ብላ በሩ ላይ የቆሙትን እናቷን አየች።

«እማዬ፣ ማን ነካው?»

«ጠበል ረጨሁበት» አሉ እማማ አሰለች። «በቀዳዳዋ። እንዲሳካልሽ ብዬ።»

«ትኩስ መስታወት ውሃ አይችልም ስል አልሰማሽም?»

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። 

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሁለቱንም ለመንሁት። ሳህኑ እንዲያምርልሽ ለመንሁ። ጥለሽኝ እንዳትሄጂም ለመንሁ። ጠበሉን ሳፈስ ስለ የትኛው እንዳፈሰስሁ፣ ልጄ፣ እኔም አላወቅሁት።»

ልናገራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ሽበታቸው መለሰኝ። ብርቅዬ ግን ስባሪዎቹን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች፤ ተከተልኋት። የሄደችው ወደ ሆቴሉ ነው።

ወይዘሮ እየሩስ ስባሪውን ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። ጠርዙን አየች፤ ጀርባውን ገልብጣ አየች።

«ሲበርድ ነው የተሰነጠቀው። ምን ነካው?»

«ውሃ» አለች ብርቅዬ። የማን ውሃ እንደሆነ አልተናገረችም።

«አረፋ የለውም። ጉድጓዱ እኩል ወርዷል። በዚህ በሚሄድ በሚመጣ መብራት ይህን የሠራ ሰው እኔ ጋ ምን ሊሠራ ነው?» ሳቀች። «የምቀጥረው ሳህኑን መሰለሽ? ነገ ሦስት ሰዓት ላይ በሚኒባሱ እወስድሻለሁ። ቲኬትሽን እኔ እቆርጣለሁ።»

እኔ እዚያው ሆቴሉ በር ላይ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። ብርቅዬ አመሰግናለሁ አለች፤ ድምፅዋ ግን የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። ቤት ስንደርስ ለእናቷ «ተቀብላኛለች» አለቻቸው። እማማ አሰለች ተቀመጡ፤ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ከዚያ ተነሡና፣ በዚያ እግራቸው፣ የልጃቸውን ልብስ ከገመድ ላይ አንድ በአንድ አውርደው እያጠፉ ሻንጣው ውስጥ መክተት ጀመሩ።

«በደልሁሽ። ሂጂ ልጄ። ሂጂልኝ» ይላሉ። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሞኝ ነኝ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሚኒባሱ ከአጥራችን ደጅ ቆሞ ክላክስ አሰማ። ወጥቼ ባይ፣ እማማ አሰለች ደጃፉ ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጠዋል።

«አልሄድም አለችኝ» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ ለመንኋት። አንተ አስጎብኚ አይደለህም ወይ፣ አፍ አለህ። ንገራት።»

ገባሁ። ብርቅዬ የመስኮት መስታወት በጠርዙ ይዛ ታደርቃለች፤ የእኔን ሥራ።

«አብደሻል? ሴትዮዋ እኮ ደጅ ናት!»

«አውቃለሁ።»

«ስንት ዓመት ነው ስትለምኚ የኖርሽው? እኔ ምስክር አይደለሁም? መንገድ ተዘጋ፣ እግር ተሰበረ፣ እህል አልቀምስም ተባለ። ዛሬ ደግሞ ምን ተዘጋ?»

መስታወቱን አስቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

«ብትከለክለኝ እሄድ ነበር፣ ምሥጋናው። ተቆጥቼ በሩን ወርውሬ እሄድ ነበር። እሷ ግን ራሷ ቀሚሴን አጥፋ ሻንጣዬ ውስጥ ስትከት አየኋት። ሂጂ ስትል ሞቷን እየነገረችኝ ነው። በንዴት የሚወጣውን መንገድ ዘጋችብኝ። ሌላ መንገድ አላውቅም።»

ብዙ ተናገርኋት፤ የተናገርሁትን ብጽፈው ያሳፍረኛል። ፈሪ ነሽ ብያታለሁ። መስታወቱን እንደገና አነሣች። ክላክሱ ደግሞ ተሰማ። በመጨረሻ ወጥቼ ለወይዘሮ እየሩስ በመስኮቱ በኩል «አትመጣም» አልኋት። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም። ደጃፉ ላይ የተቀመጡትን አሮጊት አየት አደረገችና ሹፌሩን ሂድ አለችው።

ሚኒባሱ አቧራውን ትቶልን ሄደ። እማማ አሰለች በእጃቸው ዓይናቸውን ከልለው እስኪጠፋ አዩት። ሻንጣውን ላስገባላቸው ጎንበስ ስል አልነሣም አሉ።

«እንዳትሄድ ለምኜ ያገኘሁት ነው» አሉኝ። «አሁን ማን ይወስድልኛል?»