የዘመመው ከረምቡላ

በዚያን ዘመን መቱ ውስጥ ከረምቡላ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ጠረጴዛውን ከጅማ በጭነት መኪና አስመጥተው ሳንቃ ወለል ላይ አስተከሉት። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ትልቅ ጠረጴዛ ነው፤ ኳሱን በረጅም ዘንግ እየገፉ መካከሉ ላይ የቆሙትን ትንንሽ እንጨቶች ይጥሉበታል። ተጫዋቾቹ ገንዘብ ያስይዛሉ። እትዬ ማንም ያሸንፍ ማን ከየጨዋታው የቤት ድርሻ ይቀበላሉ።

ቤቱ አንድ ጥብቅ ልማድ ነበረው። ያሸነፈ ሰው ገንዘቡን ኪሱ ከትቶ አይወጣም፤ እዚያ ያለውን ሁሉ ይጋብዛል። ስለዚህ በቡና ወራት፣ ቅዳሜ ገበያ ሲፈታ፣ የከረምቡላው ገንዘብ መንገዱን ተሻግሮ ሉካንዳ ይገባል፤ ከዚያ ጠጅ ቤት፤ ከጠጅ ቤቱ ደግሞ ከሁሩሙ ማር ይዘው ለሚመጡት ገበሬዎች ይደርሳል። እነሱም ጨውና አቡጀዲ ገዝተውበት ይሄዳሉ። ቄሱ ቁማር ነው እያሉ ይገስጹን ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ባለ ሉካንዳው ግን እንግዳ መምጣቱን ሳያይ ቢላዋ አይስልም።

አንድ ዓመት ክረምቱ ከበደ። ሳንቃው ረጠበና በመስኮቱ በኩል ያለው የጠረጴዛው እግር ሰጠመ። ኳሱ ሁሉ ወደ መስኮቱ ማድላት ጀመረ። የከተማው ሰው ይህንን ቀስ በቀስ ለመደ፤ በተለይ ጋሼ የምንላቸው ልብስ ሰፊ ከመስኮቱ ትይዩ ወዳለው በር ሁለት ጣት ያህል አስተው ስለሚያነጣጥሩ የሚያሸንፋቸው ጠፋ። የቡና ነጋዴዎቹ ግን ሁለት ሦስት ቅዳሜ ተሸነፉና ወደ ጎሬ ዞሩ። ባለ ሉካንዳው ሥጋው እያደረበት ተቸገረ።

ይህንን የሰማ የጎሬ ባለ ሆቴል ጠረጴዛውን ልግዛ ብሎ ላከ። እትዬ አስጠሩኝ። እኔ ያን ጊዜ በርና ወንበር እየጠገንኩ ነበር የምተዳደረው፤ ሙያውንም ሌላው የሠራውን እየፈታሁ ነው የተማርኩት።

«ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል» አሉኝ። «እንግዳ ከቀረብኝ ምን አደርግበታለሁ? እሸጥለታለሁ። ቤቱንም ዘግቼ ኡካ ያለችው እህቴ ዘንድ እገባለሁ። እስከዚያ እግሩን አስተካክልልኝ።»

ውሃ ልክ አልነበረኝም። የመድኃኒት ጠርሙስ ውሃ ሞልቼ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል አየር ትቼ ደፈንኳት፤ ጠርሙሷንም በአግድም ጨርቁ ላይ አጋደምኳት። ከሰጠመው እግር ሥር የዋንዛ ቁራጭ አስገባሁ፤ አልበቃም። አንድ ቆዳ ጨመርኩ፤ በዛ። ቆዳውን ፍቄ መለስኩት። አረፋዋ መካከል ላይ ቆመች።

ዓርብ ጋሼ መጡና ኳስ አስቀመጡ። ኳሷ ካስቀመጧት አልተነቃነቀችም።

«ምን አድርገህ ነው?»

«አስተካከልኩት፣ ጋሼ።»

«ገደልከው እንጂ! እኔ መዝመሙን ለመልመድ ክረምቱን ሙሉ ፈጅቼበት! ያቺን እንጨት አሁኑኑ አውጣት!»

እትዬ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው፣ «ተወው፣ እንዳትነካት» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሩ። «ጋሼ፣ ሲያሸንፉ ማንን ነበር የሚጋብዙት?»

«ቤቱን ሁሉ! ልማዱ አይደል?»

«ቤቱ ማለት እኔና ባለ ሉካንዳው ነን። እኛ ደግሞ በዓመት አንዴ ነው ልብስ የምናሰፋው። ኮት የሚያሰፋልዎት እንግዳው ነበር፤ እሱን አባረሩት።»

ጋሼ ኳሷን አንዴ በጣታቸው ገፋ አድርገው ወጡ።

ቅዳሜ የጎሬው ሰው አራት ወዛደሮች ጭኖ መጣ። «ከመግዛቴ በፊት ልሞክረው» ሲል ጋሼ ሊጋጠሙት ተነሡ። ያ የለመደ እጃቸው ግን ሁለት ጣት ወደ በሩ አስቶ መታ። ኳሱ በዚያው ቀጥ ብሎ ሄዶ እንጨቶቹን ሳይነካ አለፈ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በር ላይ የቆመ የሁሩሙ ማር ሻጭ፣ «ጋሼ፣ መስኮቱ እዚያው ነው፣ አልሸሸም!» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

የጎሬው ሰው ሦስት ጊዜ አሸነፈ። «ጋሪዳ! ግሩም ጠረጴዛ ነው» እያለ ገንዘቡን ሊከት ሲል ባለ ሉካንዳው ቢላዋውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ልማድ አለን።»

ሰውየው ቢላዋውንም የያዘውንም አየና ሳቀ። ወዛደሮቹ ሳይቀሩ ጥሬ ሥጋ በሉ፣ ጠጅ ጠጡ። የጎሬ ሰው አሸነፈ ሲባል ገበያ ውስጥ የነበሩ ቡና ነጋዴዎችም አንድ ሁለት እያሉ ገቡና ዘንግ ያዙ።

ሊመሽ ሲል እትዬ፣ «እንግዲህ ይጫን?» ብለው ጠየቁት። ድምፃቸው ደከም ብሎ ነበር።

ሰውየው ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። «ጎሬ ብወስደው ባለቤት እሆናለሁ። ባለቤት ደግሞ እንግዳውን ማሸነፍ አያምርበትም። እየመጣሁ እዚሁ ባሸንፍ ይሻለኛል።»

እትዬ ፊታቸውን ወደ ባንኮኒው አዙረው፣ የጸዳውን ብርጭቆ እንደገና ሲወለውሉ አየኋቸው። ጋሼ ጊዜ አላጠፉም። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው የሰውየውን ትከሻ ለኩ። «ለእንዲህ ያለ አሸናፊ ካኪ ኮት ነው የሚያምረው። የፊታችን ቅዳሜ ይምጡና ይሞክሩት።» መኪናው ባዶውን እንዳይመለስ ባለ ሉካንዳው ለጎሬ የሚልከውን ቆዳ ጫነበት።

ከዚያ በኋላ ዘወትር ዓርብ ጠርሙሷን ይዤ እየሄድኩ የጠረጴዛውን ልክ አያለሁ። አንድ ዓርብ የዋንዛዋ ቁራጭ ከቦታዋ የለችም። ማንንም አልጠየቅሁም። ሌላ ቆርጬ አስገባሁና በሁለት ሚስማር መታኋት።