የታሰረ ሁሉ ይፈታ

በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ቡታጅራ። እርጉዝ ነበርኩ። ወገቤን እየቆረጠመኝ አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በለጋ ቅቤ ሲያሹኝ፣ ለጣሊያን ያደረ የሰፈራችን ባንዳ ገብቶ «አርበኛ ታበላለህ» ብሎ ባሌን የፊጥኝ አሰረው።

አማቴ ጭኔን ቆነጠጡኝ። ጮህኩ።

«ምጧ መጣ! ቤት ውስጥ የታሰረ ነገር ካለ ልጁ አይወጣም፤ ፍታው!» አሉት።

እሱም እዚያው ያደገ ነውና አላንገራገረም። ባሌን ፈታው፤ ጥጃውንም ፈታ፤ የራሱን ቀበቶ እንኳ አልተወም። ከዚያ ሱሪውን በእጁ ይዞ ደጅ ቆመና «ማርያም ማርያም» ይል ጀመር። ባሌ በጓሮ በር፣ በእንሰቱ መሃል ሹልክ አለ።

ባንዳው ቆይቶ፣ «እማማ፣ ተገላገለች?» አለ።

አማቴ ወገቤን እያሹ፣ «ኧረ ገና ሁለት ወር ይቀራታል!»