የወንድሜ ፊርማ

የወጣቶች የሥራ ፈጠራ ሥልጠና የሚሉትን ነገር አልወደውም። ሥራ ያጣን ልጅ «አለቃ ነህ» ብሎ የስም ካርድ አሳትሞ ይሸኘዋል። የወንድሜ ልጅ የገባችበት ግን አንድ ቁም ነገር ነበረው፤ መጨረሻው ፋብሪካ ነው። ወደብ አጠገብ ያለ አንድ የብረት ፋብሪካ ሁለት ሠልጣኞችን እያሠራ ሊያስተምር፣ ኋላም ሊቀጥር ተስማማ። አንዷ እሷ ናት። ገና ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ስለሆነ አባቷ መፈረም አለበት፤ ቅጹ እስከ እኩለ ቀን ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

አማላጅ አድርጋ ክርያት ያም በምትባለው የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ አባቷ ታላቅ ወንድሜ ቤት ወሰደችኝ። ወንድሜ ቅጹን አልነካውም።

«ብረት ቀጥቃጭ ልትሆኚ?»

«ዳይ አባ!» አለች በዕብራይስጥ፤ በቃ ማለቷ ነው። «የሚቆርጠው እኮ ኮምፒውተር ነው።»

«ብየዳውንስ?»

«እሱን እኔ።»

ጎንደር አባታችን ቀጥቃጭ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ከእሱ ይገዛል፤ የገበሬው ሚስት ደግሞ ቡዳ ነው ብላ የልጇን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር እኮ ባለሙያ ይከበራል» አልኩት።

«አንተ ምን ታውቃለህ? ወናፍ ስነፋ ያደግሁት እኔ። አንተ ጥግ ይዘህ ታነብ ነበር።»

እውነቱን ነው።

ልጅቱ በሥልጠናው የሠራችውን ጋሪ አመጣች፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ለሚኖሩ አረጋውያን አስቤዛ ይዞ ደረጃ የሚወጣ። ወንድሜ ገልብጦ ብየዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«እዚህ ጋ ቸኩለሻል።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላው ይዟል።»

እስክሪብቶ ጠየቀ። ተነፈስኩ።

«ታዲያ ዘመድ ከጠየቀ፣ የምትሠሪው ቢሮ ነው» አላት።

ቅጹን ከእጁ መነጨቀችው። «እንዲያ ከሆነ አትፈርም።»

«አብደሻል? ሰዓቱን አታዪም?» አለ ወንድሜ።

«አየሁት። ተደብቄ አልሠራም።»

አምስት ተኩል አልፏል፤ አውቶቡሱ ራሱ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። እውነቱን ለመናገር፣ እሺ ብላ እንድትዋሽ ፈልጌ ነበር። እኔ በትንንሽ ውሸት ብዙ በር ከፍቻለሁ። እሷ ግን ቅጹን ደረቷ ላይ ለጥፋ አባቷን ታየዋለች፤ እሱ ጋሪውን ያያል።

«ስጪኝ» አለ በመጨረሻ።

ፈረመ። ቢሮ የሚለውን አልደገመውም፤ ለዘመድ ምን እንደሚል ግን አልተናገረም። እሷም አልጠየቀችውም፤ የጫማዋን ክር ሳታስር ደረጃውን ወረደች።