ደወሌ ላይ ሸማ የተሠራበት ጉድጓድ

ጉለሌ፣ ማለዳ

ከሽሮ ሜዳ ስንወጣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። አባዬ የሸማ ዕቃውን በጆንያ አስሮ ተሸከመ፤ እኔ ክሩን በላስቲክ ጠቅልዬ ያዝኩ። የምንሄደው ከጅቡቲ ጋር ወደምንዋሰንባት የባቡር ከተማ፣ ወደ ደወሌ ነው። እዚያ የእንፋሎት ባቡር ሲቀር የተዘጋ መጠገኛ አለ። የባህል ጽሕፈት ቤት የጥበብ ሰዎች በዚያ አንድ ወር ተቀምጠው የልባቸውን እንዲሠሩ ጋበዘ። ከሰዓሊዎቹ ጋር አንድ ሸማኔም ተጠራ፤ እሱም አባዬ ነው! እኔ ክር ላጠነጥንለት ተከተልኩ።

ለአባዬ ዕድሜውን ሙሉ ጥለት የሚመርጥለት ደንበኛው ነው። «አረንጓዴ አድርገው»፣ «ሰፋ አድርገው» ይሉታል፤ ያደርጋል። አሁን «የፈለጉትን ይሥሩ» ተባለ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ደስታውም ፍርሃቱም እንቅልፍ ነሳው።

በባቡር

ናዝሬት ላይ በመስኮት አራት ብርቱካን በሃምሳ ሳንቲም ገዛን። አዋሽን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅሁ። ድሬዳዋ አድረን በማግስቱ ሌላ ባቡር ያዝን። እዚያ ከባለቤቷ ጋር የተሳፈረች ፍየል የአባዬን ጆንያ መቅመስ ጀመረች። «አንቺ! ጨርቁ ሳይሠራ ልትለብሺው ነው?» ሲላት ፉርጎው በሳቅ ተናጋ።

ደወሌ

ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ዛፍ የለም፤ ድንጋይ፣ ሐዲድና ግመል ብቻ። መጠገኛው ግን እንዴት ያምራል! ጣራው እንደ ቤተ ክርስቲያን ከፍ ያለ፣ ግድግዳው በአሮጌ ጥላሸት የጠቆረ። ዘበኛው አቶ ሮብሌ በወጣትነታቸው እዚያው ባቡር ይጠግኑ ነበር፤ ሩዝና የግመል ወተት አቀረቡልን።

ችግሩ ወዲያው መጣ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው መርገጫውን የሚረግጠው። እዚህ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ውጪው ዐለት ነው። አባዬ ዕቃውን በእንጨት ከፍ አድርጎ ሞከረ፤ በዚያ ደረቅ ነፋስ ድሩ ጠሽ፣ ጠሽ እያለ ተበጠሰ። ሰዓሊዎቹ ግድግዳውን በቀለም እየሞሉ ነው፤ አባዬ ክር ይቀጥላል።

የባህል ጽሕፈት ቤቱ አስተባባሪ መጥቶ፣ «ጓድ፣ እስከ ቅዳሜው ባቡር ካልጀመሩ እንሸኝዎታለን። ቦታውን የሚጠብቅ ሰዓሊ አለ» አለው።

አባዬ ለእኔ ብቻ፣ «እግሬን የት ልክተት፣ ብርቄ?» አለኝ። ድምፁ አሳዘነኝ።

ዓርብ ዕለት ሳጠነጥን ክሩ የሚጠቀለልበት ቀሰም ከእጄ አምልጦ ተንከባለለና በመጠገኛው ወለል ላይ ባሉት ሐዲዶች መሃል በተደረደሩት ሳንቃዎች ስንጥቅ ገባ። ሳንቃውን አንስቼ ልወርድ ስል ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ነካኝ። የጉለሌ አየር!

«አቶ ሮብሌ፣ ይሄ ምንድነው?»

«እዚህ ገብተን የባቡሩን ሆድ እናይ ነበር» አሉ። ድንገት ቆም ብለው አባዬን አዩት። «ወላሂ፣ አሁን ደግሞ የሸማኔ እግር ልናይ ነው!»

አባዬ ሮጦ መጣ። ሐዲዱ ላይ ሳንቃ አጋድመን መቀመጫ አደረግን፤ መርገጫው ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ እኔ ክሩ እንዳይደርቅ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ አርከፈከፍኩ። አባዬ መወርወሪያውን ላከ። ድሩ አልተበጠሰም! አስተባባሪው ቅዳሜ ሲመጣ አንድ ክንድ ሸማ ጠበቀው። ጨርቁን ዳበስ አድርጎ፣ «ይቀጥሉ፣ ጓድ» ብሎ ሄደ።

አባዬ ጥለቱን ጠርዝ ላይ ሳይሆን መሃል ላይ አደረገው። ሁለት ጥቁር መስመር፣ በመሃላቸው አጫጭር ቡናማ።

«አባዬ፣ ጥለት መሃል ላይ ይሆናል እንዴ?»

«ማን ይከለክለኛል?» አለና እንደ ልጅ ሳቀ።

አቶ ሮብሌ ግን አልሳቁም፤ ጥቁሩን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ፣ «ሐዲዳችን» አሉ።

ጉለሌ፣ ስንመለስ

ሸማው እዚያው መጠገኛው ውስጥ ቀረ፤ ሊለበስ ሳይሆን ሊታይ። ከዚህ ጉዞ አንድ ነገር ተማርኩ፦ ዘመኑን ሁሉ ሌላው የመረጠለትን የሠራ እጅ፣ ምረጥ ሲባል ይጨነቃል እንጂ የሚሠራውን አያጣም። እኔም ይህን ማንም ሳያዘኝ እየጻፍኩ ነው፤ ደስ ሲል!

ሰፈር ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል፤ ጎረቤታችን ሸማኔው ጋሼ ዳና አባዬን በር ላይ ያዘው።

«ሰማን ሰማን! ጥለት መሃል ላይ አደረግህ አሉ። የትኛው እብድ ደንበኛ ነው ያዘዘህ?»

አባዬ ጆንያውን ከትከሻው አወረደና ቀና አለ።

«እኔ።»