የጋሽ ታደለ ምስማር

ዝናብ ያራሰው ጋዋኔ እንጅባራ በተከራየሁት ክፍል በር ጀርባ ተንጠልጥሎ ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። ይህ ሽታ ሁልጊዜ ወደ ጥሊሊ፣ አምስተኛ ክፍል ወዳስተማሩን ወደ ጋሽ ታደለ ይመልሰኛል።

ጋሽ ታደለ የመውጫው ደወል ሲደወል ጋዋናቸውን አውልቀው ከሰሌዳው አጠገብ ባለች ምስማር ላይ ይሰቅሉታል። ያልታረመውን ደብተር ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፉበታል። ከዚያ እኔ በጆግ ውኃ እያፈሰስኩላቸው፣ ጠመኔው ከጥፍራቸው ሥር እስኪለቅ ይታጠባሉ።

«ጋሼ፣ ጋዋንዎን ለብሰው ለምን አይሄዱም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ልጆቼ የሚጠብቁት አባታቸውን ነው፤ አስተማሪ አይደለም። ይኸን ለብሼ ከገባሁ አባታቸው መንገድ ላይ ይቀራል» አሉኝ እጃቸውን እያራገፉ። «አንቺም ምናልባት ካስተማርሽ፣ ሁሉን ተሸክመሽ ቤትሽ አትግቢ።»

አስተማሪ የሆንኩ ሰሞን እንዳሉት አደረግሁ። ጋዋኔን ትምህርት ቤት ሰቅዬ፣ ደብተሩን ቆልፌ፣ እጄን ታጥቤ ባዶ እጄን ገባሁ። ትከሻዬ በእርግጥ ቀለለኝ። በሩን ስከፍት ግን እኔን ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም። አንድ ሳምንት ታገስኩና ጋዋኔን ይዤው መጣሁ።

ከበሩ ጀርባ ሲሰቀል ሰው ይመስላል።