«ቡዳ በላው» እያልን የሠራንባቸው ዓመታት

ምናለሽ ተራ፣ አንድ ብረት መቀጥቀጫ ቤት ውስጥ፣ ሥራ የጀመርኩት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ከቡታጅራ ከመጣሁ ገና ሳምንት አልሞላኝም። የቤቱ ባለቤት ጋሼ ሰይፉ እጄን ገልብጠው መዳፌን አዩና «የእርሻ እጅ ነው፤ ይሆናል» አሉ። ከዚያ ወደ ምድጃው ወስደው አንድ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው አሳዩኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የምትታዘዘው እሱን ነው» አሉኝ። ጋሼ ታደሰ ይባላሉ።

በዚያ ቤት ሥራ ማዕረግ ነበረው። አዲስ ገቢ ወናፍ ይነፋል። ቀጥሎ ትልቁን መዶሻ ይይዛል። ከዚያ ላሜራ ቆራጭ፣ ከዚያ በያጅ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ያለው ግን ብረት ውሃ የሚያጠጣው ነው። የድንጋይ ጠራቢዎች መሮ ተሞርዶ ብቻ አይሠራም። ጫፉ ግሎ ውሃ ውስጥ ነከር ይደረጋል፤ ወጥቶ ቀለሙ የገለባ ቢጫ እስኪይዝ ይጠበቅና እንደገና ይነከራል። ከቸኮልክ ይሰነጠቃል፤ ከዘገየህ ይለዝባል። ይህን የሚያውቁት ጋሼ ታደሰ ብቻ ነበሩ። ለእሳቸው ሲሉ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ ድረስ ጠራቢዎች ይመጡ ነበር።

ቀልዱን የሰማሁት በዚያው ቀን ነው። አንድ መሮ ብረት በምንቀጠቅጥበት መስፍ ላይ ለሁለት ሲሰነጠቅ መዶሻ የያዘው ሰውዬ «ቡዳ በላው!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጋሼ ሰይፉም ሳቁ። ጋሼ ታደሰ ስባሪውን በጉጠት አንስተው ቁርጥራጭ ብረት ያለበት በርሜል ውስጥ ጣሉትና ሌላ ብረት እሳት ውስጥ ከተቱ።

ብዙም ሳልቆይ በቀልዱ ሁሉንም በለጥኳቸው። ላሜራ አጣምሜ ስቆርጥ ቡዳ በላው። ምሳዬን የሚያይ ካለ «ዓይንህን ንቀል»። ሰኞ አርፍዶ የገባ ሰው ካለ «ጅብ ሆነህ የት አደርክ?» እለዋለሁ። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል የሚለውን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሁላችንም ብረት ቀጥቃጭ ስለሆንን ቀልዱ የሁላችንም ይመስለኝ ነበር። ከእኛ መሃል የቀጥቃጭ ልጅ ማን እንደሆነ አስቤ አላውቅም።

ሁለተኛው ዓመት ላይ የአንድ ደንበኛችን ሚስት የባሏን መሮ ልትወስድ ሕፃን ታቅፋ መጣች። የሦስት ወር ልጅ ነው፤ ጉንጩ የሞላ። ጋሼ ታደሰ ቀና ብለው አዩትና ፈገግ አሉ። ሲስቁ አይቼ ስለማላውቅ ገረመኝ። አፌ ግን አላረፈም።

«እህቴ፣ ልጁን ሸፍኚው፤ ጋሼ ታደሰ እንዳይበሉብሽ!» አልኳት።

ሴትዮዋ ሳቀች። እየሳቀች ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የልጁን ፊት ሸፈነችው። ጋሼ ታደሰ መሮውን በጨርቅ ጠቅልለው እጇ ላይ አላስቀመጡላትም፤ መስፉ ጫፍ ላይ አኑረውላት ፊታቸውን አዞሩ።

በማግስቱ ስገባ ቀድመውኝ ገብተዋል። አሮጌ ላሜራ አቁመው፣ በሽቦ አስረው፣ በምድጃውና በመንገዱ መሃል ግድግዳ ሠርተዋል። ጋሼ ሰይፉ «ምን ነካህ ታደሰ? ብርሃኑን ከለከልከው እኮ» አሏቸው። «ንፋስ እሳቱን ያበላሽብኛል» ብለው መለሱ። የብረቱ ቀለም በደንብ የሚለየው በቀን ብርሃን መሆኑን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብረቱን በጉጠት ይዘው ወደ ጀርባው መስኮት እየተራመዱ ነበር ቀለሙን የሚያዩት።

ምክንያቱን ልጠይቅ ወደ እህታቸው ወደ እትዬ አለሚቱ ሄድኩ። የሠራነውን ምድጃና መጥበሻ በራችን ላይ ዘርግተው የሚሸጡት እሳቸው ናቸው። በዚያ ቀልድ ላይ ከእኔ ይብሱ ነበር። ዕቃ አንስታ፣ አገላብጣ፣ ትታ የምትሄድ ገዢ ስትመጣ «ሂጂ፣ ግድ የለም፤ በዓይኔ ቤትሽ ድረስ እከተልሻለሁ!» ብለው ያስቋታል። ገዢዋ እየሳቀች ትመለሳለች።

«እትዬ፣ ጋሼ ታደሰ የተቀየሙኝ መሰለኝ። በቀልድ ነው እኮ ያልኩት። እርስዎስ ይሉት የለም?» አልኳቸው።

መጥበሻ እየወለወሉ ነበር። አላቋረጡም።

«እኔ የምለው ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ነው። ራሴ ካልኩት ከእኔ ጋር ይስቃሉ፤ እነሱ ካሉት በእኔ ላይ ይስቃሉ። ታደሰ ይህን አይችልበትም። የእናታችንን ነገር አይቷል። እኔ ጡት ላይ ነበርኩ።»

አባታቸው አገር ቤት ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በእሳቸው ማረሻ ያርሳል፤ ቤቱ ግን አያስገባቸውም፤ ከእነሱም አይጋባም። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ታመመ። የቀጥቃጩ ሚስት በላችው ተባለ። እናታቸውን ጎትተው ወስደው «ትፊበትና ልቀቂው» አሏቸው። እናትየው ፈርተው ተፉበት። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከቀብር መልስ ቤታቸውን አቃጠሉት።

«ታደሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር» አሉ እትዬ አለሚቱ። «እኔን አዝሎ የወጣው እሱ ነው። እናታችን ከዚያ በኋላ የሰው ልጅ ታቅፋ አታውቅም። የእኔን ልጆች እንኳ።»

ወዲያው ከላሜራው ጀርባ ገባሁ። ጋሼ ታደሰ መሮ እየሞረዱ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አላወቅሁም።»

«ብታውቅ ትተወው ነበር?»

«እተወው ነበር።»

«እንግዲህ አሁን አወቅህ። ወናፉን ንፋ።»

ይህ ግን አልበቃኝም። ካርቶን ቀድጄ በቀይ ቀለም «በዚህ ቤት ቡዳ ማለት ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩና በሩ ላይ ሰቀልኩት። ጋሼ ታደሰ ከምሳ ሲመለሱ አነበቡት። ቀስ ብለው ነቀሉት፣ ለሁለት አጠፉትና እሳት ውስጥ ከተቱት።

«ይህን ያነበበ ሁሉ ‘ከመካከላቸው ማን ይሆን?’ ብሎ ሊፈልግ ነው» አሉኝ። «በቀለ፣ በር ላይ የሰቀልከው እኔን ነው። አንተ ዝም ካልክ ይበቃል።»

ዝም አልኩ። ደንበኛ ሲቀልድ አልስቅም፤ ስለ ሥራው እጠይቀዋለሁ። መሮ ሲሰነጠቅ «ቸኩለን ነክረነው ነው፤ ነገ ሌላ ውሰድ» እላለሁ። ጋሼ ታደሰም ብረት ውሃ ማጠጣቱን አስተማሩኝ። እሳቸው በጡረታ ሲያርፉ በቦታቸው እኔ ቆምኩ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ልጄ ሰላም «ሊያገባኝ የሚፈልግ ሰው አለ» አለችኝ። ማን ነው ስላት ዳዊት ነው አለች። የእትዬ አለሚቱ ልጅ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የማውቀው፣ ጨዋ ልጅ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀዘቀዘ። የልጅ ልጆቼ ምን ሊባሉ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የባሰም አሰብኩ፤ እዚህ አልጽፈውም። ባለቤቴ «ምን ሆንክ? ፊትህ ተለወጠ» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ለቀናት እንቅልፍ አጣሁ። ብረት ያስተማሩኝን ሰው፣ እንደ አባት የማያቸውን፣ ከውስጤ አንድ ቦታ ላይ እፈራቸው ነበር ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ አንድ እሑድ መጡ። ጋሼ ታደሰ ከዘራ ይዘው ከፊት፣ እትዬ አለሚቱ ከኋላ ነበሩ። እንደ ወጉ ጥያቄያቸው መልስ እስኪያገኝ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። በእኛ በኩል የሚጠይቀው ከቡታጅራ የመጣው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ዘር ሲያስቆጥር ቆይቶ «አባታችሁ በምን ይተዳደሩ ነበር?» አላቸው።

«ቀጥቃጭ ነበር። አባቱም ቀጥቃጭ ነበር» አሉ ጋሼ ታደሰ።

 ወንድሜ ሳቀና «እንግዲህ ልጃችንን እንዳትበሉብን!» አለ። ሁለት ሦስት ሰው አብሮት ሳቀ። እትዬ አለሚቱ በዚያን ዕለት አልሳቁም።

«ወንድሜ፣ ይህን ቃል እኚህ ሰው ፊት መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። እዚህ ቤት ግን አይደገምም» አልኩት።

«ኧረ ቀልድ ነው! በዚህ ዘመን በዚህ የሚቀየም አለ እንዴ?»

ጋሼ ታደሰ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ቀልድ ከሆነ መልካም። አንተ የራስህን ልጅ ለእኛ ቤት ትሰጥ ነበር?» አሉት።

ወንድሜ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ።  ሌሎቹም ወደ እኔ ዞሩ። ያ ቅዝቃዜ ያን ሰዓትም ደረቴ ውስጥ ነበር፤ አልጠፋም። ቢሆንም ተነስቼ ወንበር አቀረብኩላቸው።

«ሰጥቻለሁ። ይቀመጡ ጋሼ» አልኩ።

ተቀመጡ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ረዘም ላለ ጊዜ እጄን ይዘው ቆዩ። ወንድሜ ሠርጉ ላይ አልተገኘም። እስከ ዛሬም በቀልድ ተቀየመኝ ይላል።

እናንተ አሁን በብየዳና በማሽን የምትሠሩት፣ ይህ ቃል ያስቀይማል አያስቀይምም ስትባባሉ እሰማለሁ። እትዬ አለሚቱንና ወንድማቸውን ለየብቻ ብትጠይቋቸው ሁለት የተለያየ መልስ ትሰሙ ነበር፤ ሁለቱም ግን ያን የተቃጠለ ቤት ያውቁታል። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ለዓመታት ስቀልድ ውስጤ ንጹሕ ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ ያወቅሁት ልጄ የተጠየቀች ዕለት ነው።